መብራት ሲጠፋ የሚጀምር ክፍለ ጊዜ

በጥር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ነቀምቴ፣ ቡርቃ ጃቶ፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተቀጥሬ የሰው ወረቀት እጠርዝ ነበር። ኔትወርኩ ሲንቀራፈፍ ቆይቶ ከ600 198 አሳየኝ። ማለፊያው 300 ነው፤ ለሪሚዲያልም (ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) አልበቃሁም።

ያን ዓመት የወደቀው አገር ነበር። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ተሰጥቶ፣ ወደ 900,000 ከሚጠጋው ተፈታኝ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ሆነ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ አብሮ ስለወደቀ ሐፍረቱ ቀለለ። እውነቱን ለመናገር ከመጠን በላይ ቀለለ፤ አብረውኝ ከተፈተኑት ብዙዎቹ ደብተራቸውን ዳግም አልከፈቱም።

ምክንያት አላጣንም። እስከ 8ኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምረን 9ኛ ላይ ሁሉም ነገር በአንዴ እንግሊዝኛ ሆነብን። 10ኛ ክፍል ሳለን፣ በ2012 ዓ.ም.፣ በወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ መጋቢት ላይ ደግሞ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የጸጥታ ችግር የወለጋ ሰው ያውቀዋል።

ሥራዬ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነበር። ደሞዜ የእናቴን ቤት ኪራይ ስለሚሸፍን መልቀቅ የሚባል ነገር አልነበረም። በግል ተፈታኝነት ተመዘገብኩና የማጥኛ ሰዓት ፍለጋ ገባሁ። ማታ ዐይኔ አይከፈትም፤ ያዋጣኝ የመብራት መጥፋት ነው። ማሽኑ ሲቆም ደንበኛው ይበተናል፣ እኔም ከበሩ አጠገብ ብርሃን ወዳለበት ወንበሬን እስባለሁ። «ኦቦ» (በአፋን ኦሮሞ «አቶ») የምንላቸው የሱቁ ባለቤት በዚህ ጉዳይ ቀልድ ነበራቸው፦ «አንተ ልጅ፣ ስለት ተስለህ የምታጠፋብን አንተ ነህ እንዴ?»

የቤቱ ትልቅ ገበያ ወርክሺት ነበር። የአዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤቶች ሞዴል ፈተና በቴሌግራም ይመጣል፤ አትመን፣ ጠርዘን እንሸጣለን። ከአርጆ፣ ከጊምቢ፣ መንገድ ሲከፈት ደግሞ ከጊዳ አያና ሳይቀር ተማሪዎች ይመጡ ነበር። ሌላው ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛውን እኔ በነጻ አገኘዋለሁ፤ ስለዚህ ከዚያ ክምር ያልሠራሁት ብዙ አልቀረም። በሐምሌ 2015 ተፈተንኩ፤ 251 መጣ። ሪሚዲያል ያስገባኛል አያስገባኝም ብዬ እንኳ አልጠየቅኩም፤ ግቢ ገብቶ መክረም ደሞዝ ማቋረጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሠራሁት አንድ ነገር ነው ያዳነኝ። የሳትኳቸውን ጥያቄዎች በሌላ ሰው በተበላሸ ወረቀት ጀርባ ላይ እየገለበጥኩ፣ እያንዳንዱ የስንተኛ ክፍል ትምህርት እንደሆነ ጻፍኩበት። አብዛኛው ከ9ኛና ከ10ኛ ነው። አንዳንዱ ከዚያም ይወርዳል፤ ክፍልፋይና መቶኛ። የአፕቲትዩድ ስህተቴ ደግሞ ከግማሽ በላይ የሐሳብ ሳይሆን እንግሊዝኛውን ያለመረዳት ነበር። ያላነበብኩትን መጽሐፍ ጥያቄ ስደጋግም ከርሜያለሁ ማለት ነው።

ወርክሺቱን ለደንበኞች ትቼ የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ከምዕራፍ 1 ጀመርኩ። 12ኛን የጨረሰ ሰው የ9ኛ መጽሐፍ ይዞ ሱቅ ደጃፍ ሲታይ ይሳቅበታል፤ በእኔም ሳቁ። ለእንግሊዝኛው ሥራው ራሱ ጠቀመኝ፦ ሰው የሚያስጽፈውን የሥራ ማመልከቻና ፕሮፖዛል ስተይብ የማላውቃትን ቃል እያወጣሁ ከማሽኑ ጎን እለጥፋታለሁ። በዓመቱ የባከነ ቀን አይጠፋም፤ ቶነር ሲያልቅ ለግዢ የምላክበት፣ መስከረም ላይ የምዝገባ ፎርም ሲበዛ ቀና የማልልበት ሳምንት ነበር። ያም ሆኖ የሁለት ክፍል መጽሐፍ ጨረስኩ።

ፈተናው ግቢ ገብቶ ማደርን ስለሚጠይቅ በ2016 ኦቦ የወንድማቸውን ልጅ ተክተው ሸኙኝ፤ ከደሞዜም አልቆረጡም። ውጤቱ ሲመጣ በአገር ደረጃ ያለፈው 5.4 በመቶ ነበር። የእኔ 312 ሆነ።

ኦቦ ቢሰሙ ባይወዱትም፣ ሥራ ይዛችሁ ዳግም ለምትፈተኑ የምለው ይኸው ነው፦ ጥራዙን ከመግዛታችሁ በፊት የ9ኛ ክፍል ሒሳብና እንግሊዝኛ መጽሐፍን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራችሁ ጨርሱ።