መጀመሪያ አልጋና ራት

ኒውዮርክ፣ ምሥራቅ 2ኛ ጎዳና

ቁጥር 213ን ፍለጋ ከባቡር ወርጄ በእግሬ አዘገምኩ። ሰፈሩ ዛሬ ኪራዩ አይቀመስም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ግን የድሆች መንደር ነበር። ያኔ ሲልቪያ ሪቬራና ማርሻ ፒ. ጆንሰን ጎዳና የወደቁ ልጆችን እዚህ ሰበሰቡ። ሲልቪያ የፖርቶ ሪኮና የቬንዙዌላ ዘር ያላት፣ ማርሻ ጥቁር፤ ሁለቱም ሲወለዱ ወንድ ተብለው ሴት ሆነው የኖሩ። ሲልቪያ ገና 19 ዓመቷ ነበር። ማኅበራቸውን «ስታር» ብለውታል።

ከዚያ በፊት ልጆቹ የሚያድሩት መኪና ማቆሚያ ውስጥ በቆመ ባዶ ተጎታች ነበር። አንድ ማለዳ ሁለቱ ምግብ ይዘው ሲመለሱ ሹፌሩ ተጎታቹን እየጎተተ ሊሄድ ነው፤ ተኝተው የነበሩት እየዘለሉ ወረዱ። ይህን ቤት የተከራዩት ከዚህ በኋላ ነው። ታናናሾቹ ገላቸውን እንዳይሸጡ ሁለቱ ራሳቸው እየሸጡ ኪራዩን ከፈሉ። በ1971 ከቤቱ ተባረሩ።

ክሪስቶፈር ጎዳና፣ ወንዙ ዳር

ጎዳናው ከሃድሰን ጎዳና ጋር ሲገናኝ የሲልቪያ ስም የመንገድ ምልክት ላይ ተጽፏል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲዘልቁ ወንዙ ውስጥ የሚገባው የድሮ መርከብ ማቆሚያ፣ ፒር 45 ይገኛል። ሣሩ ላይ የተቀመጡት ወጣቶች አብዛኞቹ ጥቁርና ላቲኖ ናቸው። አንዱ ድምፅ ማጉያ ከፍቷል። አንዲት ረጅም ልጅ ክንዶቿን በፊቷ ዙሪያ እያጣጠፈች መጣችና ዘፈኑ ሲመታ በጀርባዋ መሬት ላይ ተዘረጋች፤ ጓደኞቿ ጣታቸውን እያጮሁ «ድገሚው!» አሏት።

ይህ ቮጊንግ ነው፤ የሃርለም ልጆች የፈጠሩት የውድድር ጭፈራ። ተወዳዳሪዎቹ «ቤት» በሚሏቸው ቡድኖች ይታቀፋሉ፤ እያንዳንዱ ቤት እናት ወይም አባት አለው። ዘመድ ያባረረውን ልጅ የሚመክሩት፣ ቸግሮት ሲመጣ የሚያስጠጉት እነሱ ናቸው። የኤድስ ድርጅቱ ጂኤምኤችሲ ይህን ተረድቶ ከ1990ዎቹ ጀምሮ «ላቴክስ ቦል» የተባለ ውድድር ያዘጋጃል፤ የኤችአይቪ ምርመራውም ኮንዶሙም እዚያው ጭፈራው መሐል ይቀርባል። ሐኪም ቤት መሄድ የሚፈራ ልጅ ከጭፈራ አይቀርም።

ፒር 45ም ቢሆን በትግል የቆየ ነው። ታድሶ በ2003 ሲከፈት የመዝጊያ ሰዓት ተቆረጠለት፤ ከሌሊቱ 7 ሰዓት። በጫጫታ የተማረሩ ነዋሪዎች ከዚያም ቀደም ብሎ እንዲዘጋ ጠየቁ። ነጭ ያልሆኑ ትራንስና ኩዊር ወጣቶች በ2000 ያቋቋሙት «ፊርስ» የተባለ ማኅበር እየተሰበሰበ ተከራከረ። ማደሪያ ለሌለው ልጅ የመናፈሻ በር መዘጋት ሌላ ትርጉም አለው።

ሃርለም፣ 125ኛ ጎዳና

አሊ ፎርኒ ከልጅነት ጀምሮ ጎዳና ላይ ያደገ ጥቁር ወጣት ነበር፤ ለጎዳና ጓደኞቹ ኮንዶም እያደለ ስለ ኤችአይቪ ያስተምር ነበር። በ1997 በዚሁ በሃርለም በጥይት ተገደለ፤ 22 ዓመቱ ነበር። በስሙ የተጠራው የወጣቶች መጠለያ ማዕከል በ2002 በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት በ6 አልጋ ተጀመረ። ዛሬ እዚህ ያለው መቀበያው ሌት ተቀን ክፍት ነው። ትኩስ ምግብ፣ ሻወር፣ ሐኪም፣ ትምህርትና የሥራ ሥልጠና ይሰጣል፤ መኖሪያዎቹ ግን በከተማው ውስጥ የተበታተኑ ናቸው፤ አልጋ ለማግኘትም ወረፋ አለ። በር ላይ አንድ ልጅ ልብሱን በቆሻሻ ከረጢት ጠቅልሎ ደወሉን ሲጫን አየሁ። ማንም ከቤት ለምን እንደወጣ በር ላይ አልጠየቀውም፤ ገባ።

የዊሊያምስ ኢንስቲትዩት በ2012 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ ቤት አልባ ወጣቶችን የሚረዱ ድርጅቶች ከሚያገኟቸው ልጆች 40 በመቶ ያህሉ የኤልጂቢቲ ማኅበረሰብ አባላት ናቸው፤ ጎዳና የወጡበት ዋናው ምክንያትም ቤተሰብ አልቀበልም ማለቱ ነው። ስለዚህ ወጣት እንረዳለን የሚል ፕሮግራም ሲገጥመኝ ከእንግዲህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ከሌሊቱ 7 ሰዓት በሩ ይከፈታል? ሥራውን ከሚመሩት ውስጥስ ራሱ ጎዳና ያደረ አለ? ምክሩና ሥልጠናው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።