ከየካ ተራራ ጀርባ፦ ከፍልፈል ጋር የዋልንበት ቅዳሜ

ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ያለውን ዳገት ስንያያዘው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ የውሃ ኮዳዋን አንግታ ትቀድመናለች፤ የአሥራ ሦስት ዓመቱ ወንድሟ ደግሞ «ገና ነው እንዴ?» እያለ ከኋላ ይጎተታል። ዕቅዳችን ዋሻ ሚካኤልን አይተን ለምሳ ቤት መመለስ ነበር። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ይህ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ፈርሶ ሰማዩ ወለል ብሎ ይታይበታል። ልጄ ግድግዳውን በእጇ እየዳሰሰች «ይህን ሁሉ በምን ፈለፈሉት?» አለች። ጥያቄዋ ያን ቀን ተመልሶ እንደሚመጣ አላወቅሁም።

ጠዋቱ ብሩህ ስለነበር ትንሽ ወደ ላይ እንውጣ አልን። ከአፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለከተማዋ ማገዶና ማገር የሆነው ባሕር ዛፍ እስከ ሸንተረሩ ድረስ ይሸኛል። ሸንተረሩን ሲያልፉ ግን አገሩ ይለወጣል። ወደ ኋላ ሲዞሩ መገናኛና የኮተቤ ፎቆች፣ ወደ ፊት ሲያዩ የገብስ ማሳ፣ የባቄላ መደብ፣ የድንች ቦይ። ወሩ ኅዳር ነውና ገብሱ ቢጫ መልበስ ጀምሯል።

በአንዱ የድንች ማሳ ውስጥ ግን የተበላሸ ነገር አየን። ትኩስ የአፈር ቁልል በሰልፍ ተደርድሯል፤ በቁልሎቹ መካከል ያለው የድንች ተክል ጠውልጓል። አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«እንደምን አደሩ አባባ? ምን ሆኖ ነው?» አልኳቸው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ፍልፈል ነው ልጄ። እኔ ከላይ እቆፍራለሁ፣ እሱ ከታች» አሉ።

ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ፍልፈልና መፈልፈል የአንድ ቤት ቃላት መሆናቸው የገባት እዚያው ነው።

ፍልፈል አይጥ ቀመስ እንስሳ ነው። አካሉ ድብልብል፣ ጆሮና ዓይኑ እጅግ ትናንሽ፣ ጅራቱ አጭር ነው። መሬቱን የሚቆፍረው በዋናነት በብርቱካናማ የፊት ጥርሶቹ ሲሆን፣ ከንፈሩ ከጥርሶቹ ኋላ ስለሚገጥም አፈር አፉ ውስጥ አይገባም። ለብቻው ይኖራል፤ ሥራ ሥርና ድንች መሰል ምግብ ይበላል፣ የተረፈውንም ጓዳው ውስጥ ያከማቻል። በደቡብ እንሰት አብቃዩ ገበሬ ከሥር እየበላ ተክሉን ስለሚጥልበት አጥብቆ ይጠላዋል። ባሌ ተራሮች ላይ ደግሞ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኝ ትልቅ ዘመዱ አለ፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ቀለብ እሱ ነው።

ወንድ ልጄ ስለ አሜሪካው ግራውንድሆግ ያየውን ተረከልን። እሱም ጉድጓድ ቆፋሪ፣ የገበሬ ጠላት ነው። ሆኖም ፔንሲልቫኒያ ውስጥ በየዓመቱ ፌብሩዋሪ 2 ከጉድጓዱ አውጥተው፣ ጥላውን አየ አላየ ብለው የክረምቱን ርዝመት ይገምቱበታል። ሽማግሌው አዳምጠው ሲያበቁ «እኛ ጋ ሲወጣ ማን አይቶት!» ብለው ሳቁ።

አያያዛቸው ትዕግሥት ይጠይቃል። መጀመሪያ ትኩስ የሆነውን ቁልል በእጃቸው ዳሰው ለዩ፤ እርጥብ አፈር ፍልፈሉ ቅርብ ለመሆኑ ምልክት ነው። ከዚያ በዶማ ዋሻውን ከፈቱት። ፍልፈል ንፋስና ብርሃን ሲገባበት አይወድም፤ የተከፈተውን ሊደፍን ይመጣል። አፉ ላይ የገመድ ሸምቀቆ አስገቡ፤ ገመዱን መሬት ላይ ከተተከለና ከተለመጠ ዘንግ ጋር አሰሩት። ፍልፈሉ አፈር እየገፋ ሲመጣ ማገጃውን ይነካል፣ ዘንጉም ይፈናጠራል።

«አሁን ዝም ነው። ኮቴ ይሰማል» አሉን።

ቁጭ ብለን ጠበቅን። ከላያችን ጭልፊት ታንዣብባለች፤ እሷም ፍልፈል ፈላጊ ናት። ልጄ በጆሮዬ «ባይመጣስ?» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ምኞት ነበረበት። ሽማግሌው ሰምተዋታል መሰለኝ፣ ቀስ ብለው ስለ ማሳው ነገሩኝ። የዛሬ ዓመት ለዘር ያሰቡት ድንች በፍልፈል በመበላቱ ዘር ከገበያ ገዝተዋል። ዘንድሮ ያ ከተደገመ በሚቀጥለው ክረምት የሚተክሉት የላቸውም።

አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ዘንጉ ተፈናጠረ። ሽማግሌው ፈጥነው አበቁት። ልጄ ፊቷን ክንዴ ውስጥ ደብቃ አለቀሰች። ምን እንደምላት ግራ ገባኝ። ሽማግሌውም አልተቆጧትም፣ አልሳቁባትምም። ዋሻውን ተከትለው ቆፈሩና ጓዳውን ሲያገኙ «ነይ የኔ ልጅ፣ ይህን እይልኝ» ብለው ጠሯት።

ጉድጓዱ ውስጥ ድንች ተከማችቷል። አንድ በአንድ አውጥታ ቆጠረች። ሃያ ሦስት። አንዳንዱ ጥርስ ነክቶታል፣ አብዛኛው ደህና ነው። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ በቀሚሷ ሰብስባ አስረከበቻቸው። ስንሰናበት ለምሳ ብለው አምስቱን ሊሰጧት ፈለጉ። «ለዘር ይሁንልዎ» አለች።

ማታ ድንቹ ወጥ ሲቀርብ ሁለቱም ልጆች ሳህናቸውን አጥርተው በሉ። ልጄ ግን ከመተኛቷ በፊት «ፍልፈሉም እኮ ለክረምቱ ነበር ያጠራቀመው» አለችኝ። ልክ ነሽ አልኳት። ሽማግሌውም ልክ ናቸው። ሁለቱ አብረው እውነት መሆናቸውን ሳልሸፋፍን ነገርኳት።

እናንተም ከቤተሰብ ጋር ለመውጣት ካሰባችሁ ጥቂት ምክር እነሆ። በጠዋት ውጡ፣ ጅብ ሳይንቀሳቀስ ገና በቀን ተመለሱ፤ መንገዱን የሚያውቅ የአካባቢው ሰው ቢኖር ይመረጣል። ጫማችሁ የማያንሸራትት ይሁን። ማሳ ውስጥ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አትግቡ፣ ወጥመድም አትንኩ። የጓሮ አትክልታችሁን ፍልፈል ከደፈረው መርዝ አታስቀምጡ፤ የሞተውን የሚበላው ጭልፊትና ውሻም አብሮ ይጎዳልና። መደቡን ከሥር በሽቦ ወንፊት ማልበስ ይሻላል።

ዋሻ ሚካኤልንም ሳታዩ አትለፉ። ልጄ ስንመለስ ቆም ብላ ግድግዳውን ዳግም ዳሰሰችው፤ በምን ፈለፈሉት ብላ ግን አልጠየቀችም። «ስንት ቀን ፈጀባቸው?» ነበር ያለችው።