ሎሚ፣ መርዝና ብረት

ክሪስ የሚባለውን የጃቫ ጩቤ ተሞርዶ እንዳለቀ ብታዩት ምንም አይገርማችሁም። ግራጫ፣ ደብዛዛ ብረት ነው። ስሙን ያስጠራው ጌጥ፣ እነሱ ፓሞር የሚሉት፣ ውስጡ አለ፤ ግን አይታይም። እንዲታይ ብረቱን መርዝ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ይህን ያወቅኩት ለትምህርት ዮግያካርታ በሄድኩበት ጊዜ ነው። የተከራየሁበት ቤት ጓሮ ከአንድ ሽማግሌ ጓሮ ጋር ይዋሰናል። ሽማግሌው የሰው ክሪስ እያጠቡ ነው የሚተዳደሩት። ፓክ እላቸው ነበር፤ «አባባ» እንደማለት ነው። እሳቸው ደግሞ ንዱክ ይሉኛል፤ በጃቫ አዋቂ ሰው ሴት ልጅን ሲያቀርብ የሚጠራበት ነው። መጀመሪያ ሰሞን በአጥሩ ላይ አንገቴን አስግጌ ነበር የማያቸው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሎሚ ሲጨምቁ ስለሚውሉ ጭማቂ ቤት ያላቸው መስሎኝ ነበር።

ሥራው እንዲህ ነው። እጀታው ይነቀላል። ስለቱ ዝገቱ እስኪላላ ድረስ ለቀናት የኮኮናት ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ በሎሚ ይታሻል። ሎሚው የኛው ሎሚ ነው፤ ያው ትንሹ፣ ቆዳው ስሱ፣ ጉንፋን ሲይዘን ሻይ ላይ የምንጨምቀው። ለራክ የሚባል፣ እንደ እንዶድ አረፋ የሚያወጣ ፍሬም ይጨመርበታል። ታሽቶ፣ ታጥቦ፣ እንደገና ታሽቶ ብረቱ እንደ ብር ነጭ ይሆናል። በዚህ ሰዓት ስለቱ ራቁቱን ነው። ትንሽ እርጥበት ካገኘው ወዲያው ይዝጋል። ስለዚህ ፓክ ሰማዩ ላይ ደመና ካዩ ሥራ አይጀምሩም፤ ደንበኛ ቢለምንም ባይለምንም።

ቀጥሎ መርዙ ይመጣል። ዋራንጋን አርሰኒክ ያለበት ድንጋይ ነው። ይፈጫል፣ በሎሚ ጭማቂ ይበጠበጣል፣ ይጣራል፣ ጠርሙስ ውስጥ ይቀመጣል። የፓክ ጠርሙስ እንደ እርሾ ነበር፤ በጎደለ ቁጥር እየሞሉት ዓመታት የቆየ። የቆየው ይሻላል ባይ ናቸው። ፈሳሹ ስለቱ ላይ በብሩሽ ወይም በጣት ይቀባል፣ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይቀባል። ተራው ብረት ቀስ በቀስ ይጠቁራል። ኒኬል ያለበት ግን እንደነጣ ይቀራል።

ምስጢሩ ይሄው ነው። አንጥረኛው ሁለቱን ብረት አነባብሮ፣ ቀጥቅጦ፣ አጥፎ፣ ደግሞ ቀጥቅጦ፣ መሃሉ ላይ አረብ ብረት አስገብቶበታል። ድርብርቡ የተጣመመበት፣ የተበሳበት፣ የተሞረደበት መንገድ መልኩን ይወስነዋል። ለየመልኩም ስም አለው፦ የፈሰሰ ሩዝ፣ የወርቅ ዝናብ፣ የሐብሐብ ልጣጭ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፕራምባናን አካባቢ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ወደ ሱራካርታ ቤተ መንግሥት ተወስዶ ለዚሁ ሥራ ውሏል። ኒኬል ነበረበት። ዛሬ አብዛኛው ሠሪ የፋብሪካ ኒኬል ነው የሚገዛው። ክሪስ ሻጮች ግን አሁንም «ይሄ ከሰማይ ነው» ይሏችኋል። እንዳታምኗቸው።

ይህን ሁሉ የሚሠራው ሰው እምፑ ይባላል። ማዕረግ ነው። በጥንቱ የጃቫ ቤተ መንግሥት ገጣሚዎችም በዚሁ ማዕረግ ይጠሩ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የማጃፓሂትን መንግሥት በግጥም ያወደሰው ፕራፓንቻ፣ እምፑ ፕራፓንቻ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውና ግጥም የሚገጥመው አንድ መጠሪያ!

ይህን ስሰማ ዝም አልኩ። አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ። እናቴ ለሰው ስትናገር «ገበሬ ነበሩ» ነው የምትለው። ቀጥቃጭ በኛ አገር ምን ይባል እንደነበር ታውቃላችሁ፤ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል፣ ልጁ አትገባም። ማረሻውን ከእጁ ይገዛሉ፣ ቤቱ ገብተው ግን ቡና አይጠጡም። እኔ ራሴ ስለ አያቴ ሥራ የሰማሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው፤ ያውም ከአክስቴ፣ ያውም በሹክሹክታ። ለፓክ ነገርኳቸው። ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም ነበር። እሳቸው የተቆጡት ሌላው ነገር ነው፦ «ታዲያ ምነው እስከዛሬ አልነገርሽኝም?» አሉና ከአጥሩ ወዲያ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

ጓንት ሰጡኝ። እሳቸው አያደርጉም፤ ጣት ካልዳሰሰው ብረቱ አይገባም ይላሉ። በዚህ አልስማማም። አርሰኒክ ቀስ ብሎ ቆዳ ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል። ብዙ ጊዜ ነገርኳቸው፤ ብዙ ጊዜ ሳቁብኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ ከርሜ የተረዳሁት ግን ሌላ ነው፤ በቪዲዮ የምታዩት ቆንጆው እጥበት የማይነግራችሁ ነገር። ሎሚው ዝገቱን ብቻ አይበላም። ብረቱንም ይበላል። በየእጥበቱ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ብረት ከውሃው ጋር ይሄዳል። ክሪስ በጃቫ ዘመን አቆጣጠር የመጀመሪያ ወር በሆነው በሱሮ የሚታጠብበት ልማድ አለ። ይሄን በመቶ ዓመት አባዙት። ያረጁ ስለቶች ጠርዛቸው ትል እንደበላው ቅጠል ነው። ፓሞሩን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በጣት ታገኙታላችሁ፤ በመሃል ያለው ብረት ተበልቶ ስለወረደ ነጩ ከፍ ብሎ ቀርቷል።

ካልታጠበስ? ያ አገር ወበቅ ነው፣ እርጥብ ነው፤ ዝገቱ ከሎሚው የባሰ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ የኢንዶኔዥያን ክሪስ ከሰው ልጅ ድንቅ ቅርሶች አንዱ ብሎ አውጇል። ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዷ ስለት ላይ ሎሚ ይነካት አይንካት የሚለውን የሚወስነው ዩኔስኮ አይደለም። ጓሮው ውስጥ የቆመ ሰው ነው።

ኢቡ የምላቸው አከራዬ የባለቤታቸው ክሪስ ነበራቸው፤ ቁምሳጥን ላይ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ። ባልየው ካረፉ 9 ዓመት ሆኗቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ጃካርታ ያለው ልጃቸው ገዢ እንዳገኘ ደውሎ ነገራቸው። ገዢው ፎቶ ይፈልጋል፤ ፓሞሩ ያልታየ ክሪስ ማን ይገዛል? ኢቡ እኔን አስከትለው ወደ ፓክ ሄዱ።

ፓክ ስለቱን ከአፎቱ አውጥተው ወደ ፀሐይ አነሱት። ጫፉ አጠገብ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አሳለፈ።

«ይሄ በዘይት ብቻ ይያዝ» አሉ። «ሎሚ ካገኘው ጫፉ ሊሄድ ይችላል።»

ይሸጡታል ወይስ ይመልሱታል ብዬ ኢቡን አየኋቸው። እሳቸው ግን ስለ ገዢው አንድም ቃል አላነሱም። «40 ዓመት አብሬው ኖሬያለሁ» አሉ። «የፈሰሰ ሩዝ ነው ይለኝ ነበር። በሱሮ ከወንዶቹ ጋር ሄዶ ያጥበዋል፣ በአፎቱ ከትቶ ያመጣዋል። እኔ አይቼው አላውቅም።»

ፓክ ረጅም ሰዓት አላናገሯቸውም። በመጨረሻ ተነስተው ሎሚ ቆረጡ።

አልዘፈዘፉትም። በውሃ ያቀጠኑትን ጭማቂ በብሩሽ እየነካኩ፣ ወዲያው እያጠቡ፣ ሙሉ በሙሉ ሳይነጣ አቆሙ። ጫፉን ጨርሶ አላስነኩትም። ከዚያ ዋራንጋኑን ሦስት ጊዜ ቀቡት። በሦስተኛው ከእጀታው በኩል መታየት ጀመረ፤ መጀመሪያ ሁለት ሦስት ነጭ ነጥብ፣ ከዚያ ብዙ፣ ክብ በክብ ውስጥ የተነባበረ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ይሳሳል። ወደ ጫፉ ምንም የለም፤ ጥቁር ብቻ።

ኢቡ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉ። ሊነኩት እጃቸውን ሲሰዱ ፓክ ቶሎ ያዟቸው፤ መርዙ ገና አልታጠበም ነበር።

«ሩዝ አይመስልም» አሉ ኢቡ። «ምስጥ ነው የሚመስለው።»

ፓክ ሳቁ። እኔ ስልኬን አውጥቼ ለልጃቸው ፎቶ ላንሳለት ወይ አልኳቸው። «አስቀምጪው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከስለቱ ሳይነቅሉ።

ፓክ ስለቱን አጥበው፣ አድርቀው፣ የሰንደል ዘይት ቀቡት። ሲመልሱላቸው በሚመጣው ሱሮ ዘይት ብቻ እንዲቀባ፣ እሳቸው ቢሞቱም ሎሚ ለያዘ ሰው እንዳይሰጥ አስጠነቀቋቸው። ኢቡ እሺ ብለው በጨርቁ ጠቀለሉት። ልጃቸው ማታ ሦስት ጊዜ ደወለ። አላነሱም።

እኔም ማታ እናቴ ጋ ደወልኩ። አያቴ የሠሩት ነገር ቤት ውስጥ ይኖር እንደሆነ ጠየቅኳት። «ምን ሆነሽ ነው?» አለች መጀመሪያ። ዝም አለች። ከዚያ ሽንኩርት የምትከትፍበት ቢላ የሳቸው ሥራ መሆኑን ነገረችኝ። ያው ሁልጊዜ መሳቢያው ውስጥ ያለው፣ እኔም ስከትፍበት ያደግኩት።

«ቶሎ ነው የሚዝገው» አለች። «ግን በሎሚ ሲያሹት ይለቃል።»