የሐራጅ ቤትና የተሸሸገ ዕዳ

በጁባ ከተማ በኮንዮ ኮንዮ ገበያ አጠገብ አነስተኛ ምግብ ቤት ከፍተን ስንሠራ ብዙ ዓመት ሆኖናል። ባልና ሚስት ሌት ተቀን የደከምነውም ለአንድ ነገር ነበር፤ ይኸውም ልጆቻችን በአገራቸው «ቤታችን» የሚሉት እንዲኖራቸው ነው። በጁባ ባለ ርስት መሆን አልተቻለንም፤ ደቡብ ሱዳን ነጻ ከመውጣቷ አስቀድሞ በ2001 ዓ. ም. የወጣው የመሬት ሕግ ለውጭ አገር ሰው መሬትን በኪራይ እንጂ በባለቤትነት አይሰጥምና። በታኅሣሥ 2008 ዓ. ም. ደግሞ የአገሩ ፓውንድ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፥ ያጠራቀምነው ገንዘብ ዋጋው እያነሰ ሄደ። ወንድማችን ከአዲስ አበባ የደወለልን በዚህ ጭንቀት ሳለን ነበር።

«አንድ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት በሐራጅ ሊሸጥ ነው፤ መነሻ ዋጋው ከገበያው ዝቅ ያለ ነው» አለን። ነገሩን ሳናጣራ ውክልና ላክንለት፤ ተጫረተ፤ አሸነፈም። በዚያች ሌሊት ትንሿ ልጃችን «ቤታችን ስንት ክፍል አለው?» እያለች እንቅልፍ አልተኛችም።

ባንኩ የሠራው ሥራ ሕጋዊ ነበር። ዐዋጅ ቁጥር 97/1990 ተበዳሪው ዕዳውን ባልከፈለ ጊዜ፥ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መያዣውን በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል። የሳትነው እኛ ነን። በማስታወቂያው ግርጌ «ለመንግሥት የሚከፈለውን ሁሉ ገዢው ይከፍላል» የሚል ቃል ነበረ፤ እኛ ግን ያነበብነው መነሻ ዋጋውን ብቻ ነው።

ስም ለማዛወር በቀረብን ጊዜ፥ የቀድሞው ባለቤት የብዙ ዓመት የሊዝ ክፍያ ከነመቀጫው፥ የቤት ግብሩም ጭምር ሳይከፈል መቅረቱ ታወቀ። ሽያጩ ራሱ የሚያስከፍለው ግብርም ተጨመረበት። በ2008 ዓ. ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ይህ ግብር መከፈሉ ሳይረጋገጥ መዝጋቢው ስም እንዳያዛውር ይከለክላል። ስለዚህ ቁልፉ በእጃችን ሳለ ካርታው በሌላ ሰው ስም ቀረ። እንዳንተወው ያስያዝነው ገንዘብ ሊቀር ነው፤ እንዳንሸጠው ቤቱ ገና የእኛ አይደለም። ከጓደኞቻችን ተበድረን፥ የደረሰንን ዕቁብ ጨምረን ከፈልን። የሁለት ዓመት ድካማችን ያላየነውና የማናውቀው ሰው ለተወው ዕዳ ዋለ። በርካሽ የገዛነው ቤት በውድ ወጣብን ማለት ነው።

እንግዲህ ለሐራጅ የሚዘጋጅ ወገናችን ከእኛ ይማር። ከመጫረቱ በፊት በቤቱ ላይ ያልተከፈለ ሊዝ፥ ግብር ወይም የፍርድ ቤት እግድ መኖር አለመኖሩን ቤቱ ከሚገኝበት የመሬትና የግብር መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የትኛው ዕዳ በማን እንደሚከፈልም ባንኩን በጽሑፍ ይጠይቅ። በቤቱ ውስጥ የሚኖር ሰው ካለ፥ መቼ እንደሚለቅ አስቀድሞ ይወቅ። ይህን ሁሉ ደምሮ ከመነሻው ዋጋ ጋር ካስተያየ በኋላ ብቻ ዋጋውን ይጥራ።

ዛሬ ካርታው በስማችን ነው፤ ልጃችንም የክፍሎቹን ቁጥር አውቃለች። እኛ ግን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን ያባቶች ምክር የተማርነው ከጠመጠምን በኋላ ነው።