የአንድ ምስክር ቃል

አውሮፕላኗ ስትወድቅ ሪሞቱ ወንድሜ እጅ ላይ ነበር። ሁሉም ነገር አራት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። ከሣሩ ተነሣች፣ ወደ ግራ ዘንበል አለች፣ ወንድሜ ወደ ቀኝ ሊመልሳት ጣቱን ገፋ፣ እሷ ግን ጭራሽ ወደ ግራ ተገለበጠችና በክንፏ መሬቱን መታች። ነጭ ፎም እንደ ፈንዲሻ ተበተነ። ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ያን ጊዜ ግን የስድስት ዓመት ልጅ መሰለኝ።

«ምን አደረግኩ?»

«ከልክ በላይ መለስካት። ጣትህ ከበደ» አልኩት።

ሳላጣራ፣ እንዲሁ ከአፌ አመለጠኝ። ይሄን ሁሉ የምጽፈው ስለዚህች አንድ መልስ ነው።

የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እዚያ ማብረር አይቻልም፤ በዋሽንግተኑ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ዙሪያ ባለው የ15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ የአሻንጉሊት አውሮፕላን እንኳን አይነሣም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ፍሬድሪክ በሚወስደው መንገድ እንነዳለን። እዚያ ጡረታ የወጡ ሽማግሌዎች የሚያበሩበት የሣር ሜዳ አለ። የኛዋ ክንፏ ከጫፍ ጫፍ አንድ ሜትር ከሃያ ነው፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ አይሞላም። ከ250 ግራም በላይ ስለሆነች 5 ዶላር ከፍለን አስመዘገብናት፤ ሁለታችንም ነፃውን የኢንተርኔት ፈተና ወሰድን። ወንድሜ የፈተናዋን ወረቀት ፕሪንት አድርጎ አልጋው ራስጌ ለጥፏታል። ፓይለት እሆናለሁ ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እኔ ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ስለምማር ሽቦው የኔ ነው፣ በረራው የሱ።

እማዬ ይሄን የፓይለት ነገር መስማት አትፈልግም። መጋቢት 2019 ላይ፣ ዐቢይ ጾም በገባ በሳምንቱ፣ እሑድ ጠዋት ስንነሣ ስልኳ አላባራ ብሎ ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በስድስት ደቂቃው ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወድቋል። 157 ሰው፤ አንድም የተረፈ የለም። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት አንዳንዱ የፈረንጅ ዜና ጣቱን ወደ ፓይለቶቹ ቀሰረ፤ ልምድ የላቸውም፣ ሥልጠናቸው ደካማ ነው ተባለ። ካፒቴኑ 29 ዓመቱ ነበር፤ ከ8,000 ሰዓት በላይ በርሯል። ወንድሜ ያኔ ዐሥር ዓመቱ ነው። «ጥፋቱ የነሱ ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«የሞተ ሰው መልስ አይሰጥም። ለዚህ ነው የሚወቀሰው» አለችው።

ወደ ሜዳችን ልመለስ። ካሜራና ሴንሰር የተገጠመለት ድሮን ዛፍ ሲያይ አየር ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል። (ቀጭን ሽቦ ከሆነ ላያየው ይችላል።) ክንፍ ያላት አውሮፕላን ግን መቆም አትችልም፤ ከቆመች ወደቀች። ስለዚህ የኛን ዓይነቷን የሚጠብቃት ሴንሰር ሌላ ሥራ ነው ያለው። ጋይሮ ይባላል፤ ከፖስታ ቴምብር ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። ነፋስ ሲያዘነብላት ከጣትህ ቀድሞ ይሰማዋል፣ የክንፏን ልሳን፣ ማለት አይለሮኗን፣ አንቀሳቅሶ ይመልሳታል። ለጀማሪ በረከት ነው። ግን ግራና ቀኙን በራሱ አያውቅም። የሚነግረው የገጠመው ሰው ነው። አዙረህ ከነገርከው፣ ያዘነበለችውን ይበልጥ እየገፋ ያዳናት ይመስለዋል።

የዚያን ዕለት ማታ ሁሉም ሲተኛ ስብርባሪዋን የምግብ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ፕሮፔለሩን ፈታሁ፣ ባትሪ ሰካሁ፣ በእጄ ወደ ቀኝ አዘነበልኳት። የቀኙ አይለሮን ወደ ታች መውረድ ነበረበት። ወደ ላይ ወጣ። ወደ ግራ አዘነበልኳት፤ እዚያም የግራው ወጣ። ሴንሰሩ ምንም አልሆነም፣ የታዘዘውን በትክክል እየሠራ ነው። ሽቦው አልደርስ ሲለኝ ጋይሮውን ገልብጬ የለጠፍኩት እኔ፤ ከገለበጥኩት በኋላ አቅጣጫውን ሳልቀይርለት የተውኩት እኔ። ይሄ ፍተሻ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሜዳው ላይ ማድረግ የነበረብኝም እኔ።

አልነገርኩትም።

ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ ሦስት ሳምንት አለፈ። ስብርባሪዋ በካርቶን ከበር ጀርባ ተቀመጠች። ቅዳሜ ሲመጣ ወንድሜ እስከ ረፋድ ይተኛ ጀመር። አንድ ቀን ስልክ ላይ ለጓደኛው «ባክህ ተወው፣ ጣቴ ለዚህ አልተፈጠረም» ሲል ሰማሁት። ራስጌው ያለችው ወረቀት ተነሥታለች።

በዚያው ሰሞን፣ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ የኢትዮጵያ መርማሪዎች ሚያዝያ 2019 ያወጡትን የ302 የመጀመሪያ ሪፖርት ከፍቼ አነበብኩ። አውሮፕላኑ አፍንጫው አካባቢ፣ በግራም በቀኝም፣ ነፋስ የሚያዞራቸው ሁለት ትንንሽ ሴንሰሮች አሉት። ክንፉ ነፋሱን በምን ማዕዘን እየቀዘፈ እንደሆነ ይናገራሉ። ማዕዘኑ ከልክ ካለፈ ክንፉ አየሩን መጨበጥ ያቅተዋል። እንደተነሡ የግራው ሴንሰር 74.5 ዲግሪ አለ። የቀኙ 15 አካባቢ። ኤምካስ የሚባለው ሥርዓት ደግሞ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር፤ የዚያን ቀን የግራውን ሰማ። አፍንጫው በጣም ቀና ብሏል ብሎ አመነና ወደ መሬት ይደፋው ጀመር፤ ደጋግሞ። ፓይለቶቹ መሪውን አብረው ሳቡ። የኤሌክትሪኩን ማጥፊያ ተጠቀሙ። በእጅ ለማስተካከል ሞከሩ፣ በዚያ ፍጥነት አልሆነም። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ቀደም ብሎ በኢንዶኔዥያ 189 ሰው የሞተበት የላየን ኤር አውሮፕላንም በዚሁ ሥርዓት ነበር የተደፋው።

ከሁለቱ አደጋዎች በኋላ የተደረገው ማሻሻያ ምንድነው? ኤምካስ አሁን ሁለቱንም ሴንሰር ይጠይቃል። ከ5.5 ዲግሪ በላይ ከተለያዩ ዝም ይላል። በአንድ ምስክር አይፈረድም የሚለውን እኮ ገበሬው አያቴም ያውቀው ነበር። ለዚህች ነገር 346 ሰው።

እውነቱን ልናገር፣ እዚህ ላይ «ማሽን አትመኑ፣ ሰው እመኑ» ብዬ ብጨርስ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሐምሌ 2002 ላይ፣ ጀርመን ዩበርሊንገን ከተማ አጠገብ፣ ሌሊት ሁለት አውሮፕላኖች ተገናኙ። የንግድ አውሮፕላኖች ግጭት የሚከላከል ቲካስ የሚባል መሣሪያ አላቸው፤ የሁለቱ መሣሪያዎች አየር ላይ ተነጋግረው አንደኛው «ውጣ» ሌላኛው «ውረድ» ይላሉ። የዚያን ሌሊትም አሉ። መሬት ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ግን ብቻውን የሁለት ሰው ሥራ ይዞ ነበርና ዘግይቶ አየ፤ ውጣ የተባለውን የሩሲያ አውሮፕላን ውረድ አለው። ፓይለቶቹ ሰውየውን ሰሙ። ሁለቱም ወረዱ። 71 ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸው። እዚያ ትክክል የነበረው ማሽኑ ነው። ዛሬ ሕጉ ግልጽ ነው፦ ቲካስና ሰው ከተለያዩ ቲካስን ስማ።

ስለዚህ ነገሩ የሰውና የማሽን አይደለም። ማንም ይናገር ማን፣ ሌላ ምስክር ሳይጠየቅ መፍረድ ነው። እኔ ደግሞ ሜዳው ላይ አንድ ምስክር ብቻ ነበረኝ፣ ዓይኔ። ዓይኔ ያየው የልጅ ጣት ሲንቀሳቀስና አውሮፕላን ስትወድቅ ነው። ፈረድኩ። ማታ ሁለተኛዋን ምስክር፣ ራሷን አውሮፕላኗን፣ ጠየቅኩ። መሰከረች። ቃሏን ካርቶን ውስጥ ከትቼ ከበር ጀርባ አስቀመጥኩት።

አንድ እሑድ ከሰዓት ካርቶኑን ይዤ ክፍሉ ገባሁ። አልጋው ላይ አስቀምጬ ባትሪውን ሰካሁ።

«አዘንብላት» አልኩት።

ወደ ቀኝ አዘነበላት። አየ። ወደ ግራ። እንደገና ወደ ቀኝ። ማስረዳት አላስፈለገኝም።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«የዚያኑ ዕለት ማታ።»

«ሦስት ሳምንት» አለ፤ ቀስ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ዓይኑን ከአውሮፕላኗ ሳያነሣ «ወደ ቀኝ መልሻት ነበር አይደል?» አለኝ።

«መልሰሃት ነበር።»

«ልክ ነበርኩ።»

«ልክ ነበርክ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ክንፏን በሙጫ ለመጠገን ሁለት ማታ ፈጀብን፤ ብዙ አላወራንም። ወረቀቷ ራስጌው ተመልሳለች። እማዬ አይታ ዝም አለች።

አሁን ሜዳው ላይ ከመነሣታችን በፊት ፍተሻውን የሚያደርገው እሱ ነው። አውሮፕላኗን በሁለት እጁ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ ያዘነብላል። እኔን አጠገቡ ያቆመኛል።

«አየሽ?» ይለኛል።

«አየሁ።»

እንዲህ ሳልል ሪሞቱን አይነካም።