ፊት የሌለው ፎቶ



ረመዳን በመጣ ቁጥር የማይቀር አንድ ፎቶ አለ። ሁላችሁም አይታችሁታል። ከኋላ ባነር ተሰቅሏል፤ ከፊት የዘይት ጀሪካንና የዱቄት ከረጢት ተደርድሯል፤ መሀል ላይ አንዲት እናት ከረጢቱን በአንድ በኩል፣ ሰጪው በሌላ በኩል ይዘው ወደ ካሜራው እንዲያዩ ተነግሯቸው ቆመዋል። ሰጪው ፈገግ ብሏል። እሷ ግን የት እንደምታይ ግራ ገብቷታል። ስለዚህ ፎቶ ልጽፍ የተነሳሁት በሆለታ መስጂዳችን ካሜራውን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ነው።

ሥራዬ የኢማሙ ረዳትነት ነው፤ አዛን አደርጋለሁ፣ ልጆች አቀራለሁ። ካሜራው ከስድስት ዓመት በፊት የመጣ ነገር ነው። ኮሚቴው ለእድሳቱ ገንዘብ ላዋጡ ሰዎች ሥራው የት እንደደረሰ ማሳየት ፈለገ፤ አንድ ወንድም ያገለገለች ካኖን ሰጠኝ፤ በዚያው ቀጠልኩ።

«ፎቶ ሐራም አይደለም ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። ኺላፍ ያለበት መስአላ ነው። ሸይኽ ኢብኑ ባዝ (ረሒመሁላህ) ነፍስ ያለውን ነገር ፎቶ ማንሳት ካልተገደዱ በቀር ይከለክሉ ነበር። የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸይኽ ሙሐመድ በኺት አልሙጢዒ ደግሞ ካሜራ አዲስ ነገር አይፈጥርም፣ ያለውን ጥላ ነው የሚይዘው ብለው መፈቀዱን በሪሳላ ጽፈዋል። እኔን ያቀሩኝ ሸይኽ እስከ ዛሬ ፎቶ አይነሱም። እሳቸው ባሉበት ካሜራዬን ከቦርሳ አላወጣም። አደቡ ይኸው ነው፤ ክርክር አያሻውም።

ጥላ ካልን አይቀር፣ ለፎቶ ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከዩቲዩብ ሳይሆን ከመድረሳ ነው። ሸይኻችን ግቢው ውስጥ እንጨት ተክለው የሶላት ወቅት በጥላ ያሳዩን ነበር፦ የእንጨቱ ጥላ በቀትር ከነበረው ላይ የቁመቱን ያህል ሲጨምር ዐስር ገባ (በሐነፊዮች ዘንድ እጥፉ ነው)። ዛሬ ሁሉም ከስልኩ ያያል። ያ ትምህርት ግን የኛን አገር ፀሐይ አሳወቀኝ። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፤ በሌላው ጊዜ በደቡብ። ከኢትዮጵያ ቂብላ ወደ ሰሜን ስለሆነ ጠዋት ብርሃኑ በሰጋጁ ቀኝ፣ ከዐስር በኋላ በግራው ይገባል። ቀትር ላይ ዓይን ጉድጓድ መስሎ ይጠቁራል። ስለዚህ እጠብቃለሁ። ዐስርን ሰግዶ የወጣ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈውን ብርሃን በገንዘብ አታገኙትም።

ሌላው ደግሞ ይህ ነው። ሰጋጅ ፊት ማቋረጥ ከባድ መሆኑ በሐዲስ መጥቷል። ስለዚህ ጀመዓ ሲሰገድ የሚያነሳ ሰው ቦታው ከኋላ ነው፤ የሚያገኘውም ጀርባ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ይህ እንደ ችግር ይታየኝ ነበር። ቆይቼ ሳየው ጀርባ ብዙ ይናገራል። የሆለታ ብርድ ይታወቃል፤ ሱጁድ ላይ የተደረደረውን ካልሲ ብታዩ፣ የተጣፈው ከአዲሱ ጎን ለጎን ነው። ተሸሁድ ላይ የተነሳ የሽማግሌ ጣት፣ አባቱን አይቶ ትከሻውን ከትከሻው የሚያስጠጋ ሕፃን። ማን እንደሆኑ አይታወቅም፤ ምን እያደረጉ እንደሆነ ግን ማንም አይስተውም።

ወደ አስቤዛው ልመለስ። ባለፈው ረመዳን አንዲት እናት ስማቸው ሲጠራ አልመጡም። ከዒሻ በኋላ በጎን በር መጡና «ኡስታዝ፣ ፎቶ ከሌለው እወስዳለሁ። ካለው ግን አላህ ይስጥልኝ፣ ይቅርብኝ» አሉኝ። ከዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሲቀበሉ የተነሱት ፎቶ በቴሌግራም ዞሮ ልጃቸው ክፍል ደርሷል። ልጁ ሁለት ሳምንት ትምህርት ቤት አልሄደም።

ሱረቱል በቀራ 271 ላይ ሰደቃን በግልጽ መስጠትም መልካም እንደሆነ፣ ለድሆች ደብቆ መስጠት ግን እንደሚበልጥ ተቀምጧል። ከዚያ ቀደም ብሎ 264 ላይ መመጻደቅና ማስከፋት ሰደቃን እንደሚያበላሹ ተነግሯል። ኡለማዎች ሰጪውን ከሪያእ ሲያስጠነቅቁ እንሰማለን። የተቀባዩን ፊት ግን ማን ይጠብቅለት?

ለሰጪዎቹም ፍትሐዊ ልሁን። በየቲም ስም ሰብስበው የበሉ ሰዎች ስላሉ ማስረጃ መጠየቃቸው መብታቸው ነው፤ የተሰጠን ገንዘብ አማና ነው። ስለዚህ ከኢማሙ ጋር ተመካክረን ባለፈው ዓመት እንዲህ አደረግን። የገባውን ዕቃ በሙሉ አነሳሁ፤ ደረሰኙን አነሳሁ፤ ሲቀበሉ እጃቸውንና ከረጢቱን፣ ተሸክመው ሲወጡ ጀርባቸውን። የተቀባዮቹ ፊርማ ወይም የጣት አሻራ ያለበት ዝርዝር ኮሚቴው ዘንድ ተቀመጠ፤ ማጣራት የፈለገ ሰጪ ራሱ መጥቶ ያያል፣ ወደ ኔት ግን አይወጣም። አዲስ አበባ ለሆለታ ቅርብ ናት።

አብዛኞቹ ተቀበሉን። በየዓመቱ ብዙውን ዱቄት የሚልክልን አንድ ስብስብ ግን አልተቀበለም። የደወለልኝ ወጣት ጨዋ ልጅ ነው። «ኡስታዝ፣ እጅ ብቻ ስንለጥፍ ሰው አይሰጥም። ፊት ሲያይ ነው ልቡ የሚነካው» አለኝ። እውነቱን ይመስለኛል። እኔም የማላውቀውን ሰው ፊት አይቼ ኪሴን የፈተሽኩበት ጊዜ አለ። «እናትህ ብትሆንስ?» ብዬ ልመልስለት አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት፤ ልጁን ማሸማቀቅ ምን ይጠቅማል? ዝርዝሩን መጥቶ እንዲያይ ጋበዝኩት። ከጓደኞቹ ጋር ተነጋግሮ እንደሚደውል ነገረኝ።

እስካሁን አልደወለም። ረመዳን ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ኮሚቴው ትናንት ከመግሪብ በኋላ ተሰብስቦ ዱቄቱ ካልመጣ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰውን ኪሎ ቀንሶ ጻፈ። እኚያ እናት ስማቸው ዝርዝሩ ላይ አለ። እሳቸው ግን በዚያው በጎን በር፣ ከዒሻ በኋላ ይመጣሉ።