የአልጌ ናፍጣና የአባቴ ጥያቄ

አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ኩሬ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ከሚታየው አልጌ ዘይት ወጥቶ ባዮዲዝል እንደሚሠራ ስነግረው፣ "ሞተሩን አይጎዳም? ፊልትሮውስ?" አለኝ።

ጥያቄው የባለሙያ ነው። 20 በመቶ ባዮዲዝል ከ80 በመቶ ናፍጣ ጋር ሲደባለቅ አብዛኛውን ጊዜ ሞተሩን መለወጥ አያስፈልግም። ነገር ግን ባዮዲዝል ታንከር ውስጥ የቆየውን ዝቃጭ ስለሚያጥበው መጀመሪያ ላይ ፊልትሮ ሊዘጋ ይችላል፤ በብርድም ቶሎ ይረጋል። ጥቀርሻውና ካርቦን ሞኖክሳይዱ ይቀንሳሉ፤ ናይትሮጅን ኦክሳይድ ግን በትንሹ ሊጨምር ይችላል።

"ታዲያ ለምን ማደያ ላይ አናገኘውም?"

በዋጋው ምክንያት ነው። የአሜሪካ መንግሥት ከ1978 እስከ 1996 አስጠንቶት ነበር፤ ጥናቱ ሲዘጋም የአልጌ ዘይት በዋጋ ከነዳጅ ጋር መወዳደር አልቻለም። እዚሁ አሽቀሎንም ሲምቢዮቲክ የተባለ ኩባንያ ከሩተንበርግ ኃይል ማመንጫ በሚወጣ ጭስ አልጌ አሳድጓል። ማሳደጉ ይቻላል፤ ከባዱ ነገር ዘይቱን በርካሽ ማውጣት ነው።

እኔ የምማረው ሶሻል ወርክ ስለሆነ ሌላ ሂሳብ ይታየኛል። በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የናፍጣ ጭስ ለሰው ካንሰር አምጪ መሆኑን አስታውቋል። ይህን ጭስ በየቀኑ የሚተነፍሱት ሹፌሮች፣ የጋራዥ ሠራተኞችና አውራ ጎዳና ዳር የሚኖሩ ቤተሰቦች ናቸው። የእነሱ ሳንባ ግን ማደያው ላይ በተለጠፈው ዋጋ ውስጥ አልተቆጠረም።

ኢንጂነሪንግ የምትማሩ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ የአልጌ ናፍጣ ውድ ነው ብላችሁ ስታሰሉ እባካችሁ ይህንንም ደምሩበት።